በ«ሲም ብቻ» ውሎች ንጽጽር የተዘነጉ ሁለት ጉዳዮች፦ የፍጥነት ተራና የሮሚንግ መንገድ

በብሪታንያ «ሲም ብቻ» የሚባለው የሞባይል ውል ለማስረዳት አያስቸግርም። ደንበኛው ስልኩን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ድርጅቱ ሲም ካርድ፣ በወር የተወሰነ ዳታ፣ ጥሪና አጭር መልእክት ይሸጥለታል። ውሉ ለ30 ቀን፣ ለ12 ወር ወይም ለ24 ወር ሊገባ ይችላል። የስልኩ ዋጋ በወርኃዊው ክፍያ ውስጥ ስለማይደበቅ ከሌሎች ውሎች ሁሉ ይልቅ ለንጽጽር የተመቸ ይመስላል። የንጽጽር ሠንጠረዦችም ይህንን ምቾት ተጠቅመው ዋጋውን ለጊጋ ባይት ያካፍሉና ከርካሹ ጀምረው ይደረድራሉ። ከሦስት ወይም ከአራት ፓውንድ ልዩነት በስተቀር በመጀመሪያው ረድፍና በዐሥረኛው መካከል የሚታይ ነገር የለም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ስሙ አዲስ ቢሆንም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአገራችን አብዛኛው ተጠቃሚ ስልኩን ከገበያ ገዝቶ፣ ሲሙን ለብቻው አውጥቶ፣ ጥቅሉን በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚገዛ በመሆኑ «ሲም ብቻ» የተለመደው ሁኔታ እንጂ ልዩ ምድብ አይደለም። በዚህም ምክንያት በብሪታንያ ገበያ ላይ የተፈጠረው የንጽጽር ስሕተት በአዲስ አበባ ለሚካሄድ ጥናትም ትምህርት አለው።

እዚህ የሚቀርበው ክርክር የሚከተለው ነው። የዳታ ፍጥነት የአንቴናው ብቻ ሳይሆን የውሉም ባሕርይ ነው፤ ሮሚንግም ከዋጋው ባሻገር ዳታው የሚጓዝበት መንገድ ጉዳይ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳይለይ የሚሠራ ንጽጽር፣ ለንግድም ይሁን ለጥናት የተዘጋጀ፣ በብዛት የሚያሳስተው ርካሹን ውል ከመምረጥ ሌላ አማራጭ የሌለውን ተማሪ፣ የቀን ሠራተኛና ስደተኛ ነው።

አንድ አንቴና፣ ብዙ ሰልፍ

እስከ 2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ በብሪታንያ የራሳቸው ኔትወርክ ያላቸው አራት ድርጅቶች ነበሩ፦ ኢኢ፣ ኦቱ፣ ቮዳፎንና ስሪ። ሜይ 31 ቀን 2025 ቮዳፎንና ስሪ ውሕደታቸውን ስላጠናቀቁ ቁጥሩ ወደ ሦስት ዝቅ ብሏል። የውድድር ባለሥልጣኑ ውሕደቱን በዲሴምበር 2024 የፈቀደው በኔትወርክ ላይ ሰፊ መዋዕለ ንዋይ እንዲፈስስና የተወሰኑ ውሎች ዋጋ ለሦስት ዓመት ከጣሪያ እንዳያልፍ ግዴታ ጥሎ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን ስሞቹ ከዚህ እጅግ ይበዛሉ። ጊፍጋፍ፣ ቴስኮ ሞባይልና ስካይ ሞባይል በኦቱ አንቴና ላይ፣ ቮክሲና ሌባራ በቮዳፎን ላይ፣ ስማርቲና አይዲ ሞባይል በስሪ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የአንቴናው ባለቤት ራሱ በሌላ ስም የከፈታቸው ሲሆኑ ሌሎቹ አገልግሎቱን በጅምላ ገዝተው በችርቻሮ የሚሸጡ ናቸው።

«አንቴናው አንድ ከሆነ ርካሹን መውሰድ ነው» የሚለው ምክር በዚህ ገበያ እንደ ሕግ ተቆጥሯል። ምክሩ ሽፋንን በተመለከተ ልክ ነው፤ የኦቱ ሲግናል በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ጊፍጋፍም አይሠራም። ፍጥነትን በተመለከተ ግን ቢያንስ ሁለት ነገሮች ይጎድሉታል።

የመጀመሪያው በውሉ ውስጥ የሚቀመጥ የፍጥነት ጣሪያ ነው። ቮዳፎን በ2019 ያልተገደበ ዳታ ያላቸውን ውሎች ለገበያ ሲያቀርብ ልዩነታቸውን በጊጋ ባይት ሳይሆን በፍጥነት ነበር ያበጀው፦ ዝቅተኛው በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት፣ መካከለኛው 10 ሜጋ ቢት፣ ከፍተኛው ኔትወርኩ የቻለውን ያህል። ኢኢም በአንዳንድ መሠረታዊ ውሎቹ ላይ ጣሪያ አስቀምጦ ያውቃል። እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ብዙ ነገር ይገልጣል። በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት የሚያወርድ መስመር ለ30 ቀናት ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ቢሠራ የሚያወርደው 648 ጊጋ ባይት ነው፤ ስለዚህ «ያልተገደበ» የተባለው ውል ከውሉ ወረቀት ውጭ በሒሳብ የታወቀ ገደብ ነበረው። በአንጻሩ 10 ጊጋ ባይት ያለው ውል በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ቢሠራ ሙሉ የወር ዳታው በ800 ሰከንድ፣ ማለትም ከ14 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። አንዱ ፍጥነቱን፣ ሌላው መጠኑን ያጠበቡ ሁለት ውሎች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ በጊጋ ባይት ዋጋ ሲነጻጸሩ ንጽጽሩ ምንም አይናገርም።

ይህም ሆኖ ጣሪያ ከገደቦች ሁሉ ሐቀኛው ነው። ቁጥሩ ተጽፏል፤ ሊለካና ሊሞገት ይችላል። ለተራ አገልግሎትም ብዙ ጊዜ በቂ ነው፦ የቪዲዮ ስብሰባ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ሜጋ ቢት፣ ጥራት ያለው ፊልም ደግሞ 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይጠይቃል። ከ100 ወደ 300 ሜጋ ቢት የሚደረግ ዝላይ በስልክ ላይ ለሚያነብ፣ ለሚጽፍና ለሚነጋገር ሰው የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው። ጣሪያ ያለውን ውል የሚነቅፉ ጽሑፎች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘላሉ።

አሳሳቢው ሁለተኛው ነገር፣ ማለትም በአንቴናው ላይ የሚሰጠው ተራ ነው። የ3ጂፒፒ ደረጃዎች በ4ጂ ኔትወርክ ላይ ለሚተላለፍ ለእያንዳንዱ የዳታ ፍሰት የአገልግሎት ጥራት መለያ ቁጥር ይሰጡታል። ለተራ የኢንተርኔት አገልግሎት በተለይ 6፣ 8 እና 9 ቁጥሮች ይውላሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 6 ቀዳሚ፣ 9 የመጨረሻው ነው። የትኛው ደንበኛ የትኛውን ቁጥር እንደሚያገኝ የሚወስነው የአንቴናው ባለቤት ነው። አንቴናው ሥራ ሲፈታ ቁጥሮቹ ምንም ልዩነት አያመጡም። ሲጨናነቅ ግን በየሺኛው ሰከንድ የሬዲዮ ጊዜን ለተጠቃሚዎች የሚያከፋፍለው ሥርዓት ወደ ቁጥሩ ይመለከታል።

ሁኔታው የመገናኛን የታክሲ ሰልፍ ይመስላል። ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ታክሲዎች ተሳፋሪ ፍለጋ ስለሚቆሙ ማን ቀድሞ እንደመጣ የሚጠይቅ የለም፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ ግን ከሰልፉ መጀመሪያና ከመጨረሻ መሆን ቤት በመግባትና መንገድ ላይ በመቅረት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ረፋድ ላይ ብቻ የተጠና የትራንስፖርት ጥናት ሰልፍ የሚባል ነገር የለም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ኢኢ «ኔትወርክ ቡስት» በሚል ስም በውድ ውሎቹ ውስጥ በተጨናነቀ ሥፍራ የቀደመ ተራ የሚሰጥ አገልግሎት አካትቷል። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ተራ የሚሸጥ ከሆነ በግልጽ መሸጡ ይሻላል። ነገር ግን አንዱ ሲቀድም ሌላው የግድ ወደኋላ ይቀራል፤ ወደኋላ የቀረው ደንበኛ ውል ላይ «አንተ ከሌሎች በኋላ ነህ» የሚል መስመር አይገኝም። በአሜሪካ በትላልቆቹ ኔትወርኮች ላይ በችርቻሮ የሚሸጡ ድርጅቶች ውሎች መጨናነቅ ሲኖር የደንበኛው ዳታ ከሌሎች ኋላ ሊደረግ እንደሚችል በተለምዶ ይገልጻሉ። የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽንም ከኤፕሪል 10 ቀን 2024 ጀምሮ ትላልቅ አቅራቢዎች፣ ሞባይልን ጨምሮ፣ ለእያንዳንዱ ውል ዋጋውን፣ የተለመደ ፍጥነቱንና የመዘግየት መጠኑን የያዘ መለያ እንዲለጥፉ አስገድዷል። መለያው የምግብ ማሸጊያ ላይ ያለውን የንጥረ ነገር ሰንጠረዥ የሚመስል ነው። ፍጹም ባይሆንም ፍጥነትን የውሉ አካል አድርጎ የሚቆጥር መሆኑ ትልቅ እርምጃ ነው። የብሪታንያው ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ከጃንዋሪ 17 ቀን 2025 ጀምሮ በአዳዲስ ውሎች ላይ የዋጋ ጭማሪ ከዋጋ ግሽበት ጋር እንዳይያያዝና በፓውንድና በፔንስ እንዲጻፍ ማድረጉ የሚመሰገን ነው፤ ዋጋን እንዲህ ያነጠረ ተቆጣጣሪ ተራን በዝምታ ማለፉ ግን አይመጥነውም።

አማካዩ የሚሸፍነው

የፍጥነት ንጽጽር የሚደገፍባቸው ቁጥሮች በአብዛኛው ከተጠቃሚዎች ስልክ የሚሰበሰቡ ናቸው። ኡክላና ኦፕንሲግናል በዚህ መንገድ የታወቁ ሲሆን ኦፍኮምም ስለ ሞባይል አገልግሎት በሚያወጣው ዘገባ ከሕዝብ ስልክ የተሰበሰበ መረጃ ይጠቀማል። የናሙናው ግዝፈት የሚናቅ አይደለም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ልኬት የሚሰበስብ ሌላ ዘዴ የለም። ችግሩ ቁጥሮቹ የሚመልሱት ጥያቄና ተጠቃሚው የሚጠይቀው ጥያቄ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ቁጥሮቹ «ይህ ኔትወርክ በአማካይ ምን ያህል ፈጣን ነው» የሚለውን ይመልሳሉ፤ ገዢው የሚፈልገው «ይህ ውል በምጠቀምበት ሰዓትና ሥፍራ ምን ይሰጠኛል» የሚለውን ነው።

አንድ መላምታዊ መስመር እንውሰድ። ሌሊት በሰከንድ 200 ሜጋ ቢት፣ ምሽት ደግሞ 2 ሜጋ ቢት ይሰጣል። የሁለቱ አማካይ 101 ነው፤ ምሽት ላይ ከቤተሰቡ ጋር በቪዲዮ ለመነጋገር ለሞከረው ሰው 101 የሚባል ፍጥነት በዓለም ላይ የለም። ሌላው መስመር ሌት ተቀን 20 ሜጋ ቢት ቢሰጥ በደረጃ ሠንጠረዡ ላይ በአምስት እጥፍ ተበልጦ ይታያል። ከአማካይ ይልቅ መካከለኛውን ልኬት መዘገብ የተሻለ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመቶ ልኬቶች ዐሥሩ ዝቅተኞቹ የት ላይ እንደሚያበቁ ማሳየት ነው። ተጠቃሚውን የሚያማርረው እዚያ ያለው ቁጥር ነውና።

ከዚህም የሚከብድ የተደባለቀ ምክንያት ችግር አለ። ውድ ውል የሚገዛ ሰው በአብዛኛው አዲስና ውድ ስልክ ይይዛል፤ የተሻለ አንቴና በሚገኝበት ሠፈር የመኖር ዕድሉም ሰፊ ነው። ርካሽ ውል የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ 5ጂ የማይቀበል፣ ወይም ብዙ የሬዲዮ ሞገዶችን አጣምሮ መጠቀም የማይችል የቆየ ስልክ ይኖረዋል። እንግዲህ የሁለት ውሎች አማካይ ሲለያይ ልዩነቱ የውሉ፣ የስልኩ ወይም የሠፈሩ መሆኑ ከቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። የተሰበሰበው መረጃ ብዛት ይህን አይፈታውም፤ አንድ ሚሊዮን የተዛባ ልኬት ከአንድ ሺሕ የተዛባ ልኬት የሚለየው ስሕተቱን በበለጠ እርግጠኝነት በማቅረቡ ነው። ሰዎች ፍጥነት የሚለኩት መቼ እንደሆነም መዘንጋት የለበትም፦ ወይ መስመሩ ሲንቀራፈፍባቸው ነው፣ ወይ አዲስ ስልክ ገዝተው ሊደሰቱበት ሲፈልጉ።

በስልኩ ጫፍ ላይ የሚታየው «5ጂ» የሚል ምልክትም እንዲሁ ያሳስታል። ፍጥነትን በዋናነት የሚወስነው የተያዘው የሞገድ ስፋት ነው። በ4ጂ፣ በተለመደው የሁለት አንቴና አሠራር፣ 10 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ያለው ሞገድ በሰከንድ እስከ 75 ሜጋ ቢት፣ 20 ሜጋ ኸርዝ ደግሞ እስከ 150 ሜጋ ቢት በንድፈ ሐሳብ ይሰጣል። በዝቅተኛ ድግግሞሽ በጠባብ ሞገድ የሚሰጥ 5ጂ፣ ሰፋፊ ሞገዶችን ካጣመረ 4ጂ ሊዘገይ ይችላል። «5ጂን ያካትታል» የሚል የሠንጠረዥ ዓምድ ስለዚህ ስለ ፍጥነት የሚናገረው ጥቂት ነው።

ዳታው የሚዞርበት መንገድ

ወደ ሮሚንግ ስንመጣ የአውሮፓ ኅብረት ልምድ ተገቢ መነሻ ነው። ከጁን 15 ቀን 2017 ጀምሮ የኅብረቱ ነዋሪ በሌላ አባል አገር ሲጓዝ በአገሩ በሚከፍለው ዋጋ እንዲጠቀም ተደነገገ። ደንቡ በ2022 ታድሶ እስከ 2032 ድረስ እንዲቆይ ተደርጓል፤ እድሳቱ ከዋጋ አልፎ ጥራትንም ነክቷል፦ የሚጎበኘው ኔትወርክ እስከፈቀደ ድረስ ድርጅቱ ለመንገደኛው በአገር ቤት ከሚሰጠው ያነሰ አገልግሎት እንዳይሰጥ ይጠይቃል።

ደንቡ ግን «ያልተገደበ» የሚለውን ቃል በቀመር ይገድበዋል። ያልተገደበ ዳታ ያለው ደንበኛ በጉዞ ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኘው ዝቅተኛ መጠን፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት ያለው የውሉ ዋጋ ለጅምላ ዋጋው ጣሪያ ተካፍሎ በሁለት ሲባዛ የሚመጣው ነው። የጅምላው ጣሪያ በ2022 ለአንድ ጊጋ ባይት 2 ዩሮ ነበር፤ በየዓመቱ እየቀነሰ በ2025 1.30፣ በ2026 1.10፣ በ2027 1 ዩሮ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ 10 ዩሮ የሚከፈልበት አንድ «ያልተገደበ» ውል በጉዞ ላይ በ2022 ቢያንስ 10 ጊጋ ባይት፣ በ2026 18 ጊጋ ባይት ገደማ፣ በ2027 ደግሞ 20 ጊጋ ባይት ያስገኛል። የሚያስገርመው ነገር፣ በዚህ ቀመር ውድ ውል የገዛ ሰው ብዙ፣ በርካሽ የገዛው ጥቂት ያገኛል፤ ሁለቱም በአገር ቤት «ያልተገደበ» ተብለው የተሸጡላቸው ቢሆንም። ደንቡ ግልጽ ስለሆነ ግን ማንም ተማሪ በወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችላል።

ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ ይህን ጥበቃ አጣች። የሽግግር ጊዜው በዲሴምበር 31 ቀን 2020 አበቃ፤ በ2022 የመጀመሪያዎቹ ወራት ቮዳፎን፣ ኢኢና ስሪ ለአዳዲስ ደንበኞች በአውሮፓ በቀን 2 ፓውንድ ገደማ ማስከፈል ጀመሩ። ኦቱ ክፍያ ሳይመልስ በ25 ጊጋ ባይት ጣሪያ ቀጠለ። እዚህ ላይ የገበያው አስቂኝ ገጽታ ብቅ ይላል፦ ስሪ ክፍያውን ሲመልስ የራሱ ንብረት የሆነው ርካሹ ስማርቲ እስከ 12 ጊጋ ባይት የአውሮፓ ሮሚንግ በውሉ ውስጥ ማካተቱን ቀጥሎ ነበር። አንቴናውም፣ ባለቤቱም አንድ ናቸው፤ ለመንገደኛው የተሻለው ርካሹ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ውድ ውል በሁሉም ነገር ይበልጣል» የሚለው ግምት በሮሚንግ ላይ አይሠራም። የዋጋ ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ በወር 3 ፓውንድ የሚቀንስ ውል በዓመት 36 ፓውንድ ያድናል፤ ለዐሥር ዐሥር ቀናት ሁለት ጊዜ አውሮፓ የሄደ ደንበኛ ግን በቀን 2 ፓውንድ ሒሳብ 40 ፓውንድ ይከፍላል።

ይህ ሁሉ ስለ ዋጋ ነው። ስለ መንገዱ የሚነገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በተለመደው የሮሚንግ አሠራር የመንገደኛው ዳታ ከሚጎበኘው አገር በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አይወጣም፤ አስቀድሞ ሲሙ ወደ ተሸጠበት አገር ይላካል፣ ከዚያ ይወጣል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ለንደን የተሸጠ ሲም ፓሪስ ውስጥ ይህን ቢያደርግ ርቀቱ አጭር ስለሆነ አይታወቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ሲያደርገው ግን ይታወቃል። የሁለቱ ከተሞች የቀጥታ ርቀት 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ አንድ ደርሶ መልስ ቢያንስ 59 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። መንገደኛው ቦሌ ተቀምጦ አዲስ አበባ ባለ አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ያለ ገጽ ቢከፍት ጥያቄው ወደ ለንደን ሄዶ፣ ከለንደን ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ መልሱ እንደገና ወደ ለንደን ሄዶ ወደ ስልኩ ይመጣል፤ አራት ጉዞ፣ በትንሹ 118 ሚሊ ሰከንድ። ይህ ፋይበሩ እንደ ቀስት ቀጥ ያለ ቢሆን ነው። ኢትዮጵያ ወደብ የሌላት በመሆኗ ከባሕር ሥር ኬብሎች የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ይበልጣል። በዚህ ሁኔታ የአንቴናው ፍጥነት 100 ሜጋ ቢት ቢሆንም ገጹ እየተጎተተ ሊከፈት ይችላል፤ የፍጥነት መለኪያው ግን ጥሩ ቁጥር ያሳያል።

ከዲያስፖራው ጋር የሚያያዝ አንድ ጉዳይ ደግሞ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም። ለንደን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለበዓል ወደ አገር ቤት ሲመጣ ለዳታ የብሪታንያ ሲሙን አይጠቀምም፤ የአገር ውስጥ ሲም ያወጣል። ከብሪታንያ ሲሙ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ባንኩ የሚልክለት የማረጋገጫ ቁጥር ያለበት አጭር መልእክት እንዲደርሰው። የሲሙ ድርጅት ከኢትዮጵያ ኔትወርክ ጋር የሮሚንግ ስምምነት ከሌለው ቁጥሩ አይደርስም፤ ቁጥሩ ካልደረሰ ከገዛ ሒሳቡ ገንዘብ ማንቀሳቀስ አይችልም። በተቃራኒው አቅጣጫ ለትምህርት ወደ ውጭ የሄደ ተማሪም የኢትዮጵያ ሲሙን ለአገር ውስጥ ባንኩ ሲል ሕያው ማድረግ ይኖርበታል። ለእነዚህ ሰዎች «ሮሚንግ» ማለት ጊጋ ባይት ሳይሆን ሲሙ በሰው አገር እንዳይሞት ማለት ነው። ለጉዞ የሚሸጡት ኢሲሞች የዳታውን ችግር በርካሽ ያቃልላሉ፤ አብዛኞቹ ዳታ ብቻ የሚሰጡ በመሆናቸው ይህንን ግን አይነኩትም።

ለአገር ውስጥ ጥናት

ኢትዮጵያ ውስጥ ውሎችን ማነጻጸር ትርጉም ያገኘው በቅርቡ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2021 እ.ኤ.አ. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ፣ በኦገስት 2022 በድሬዳዋ፣ በኦክቶበር ደግሞ በአዲስ አበባ አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ አማራጩ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር። ዛሬ በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት ሲሞችን በአንድ ስልክ መያዝ በከተማ የተለመደ ሆኗል። «ይሄኛው ኔት ይሻላል» የሚለው የዕለት ተዕለት ክርክር በካፌም በዶርምም ይሰማል። ከዚህ ክርክር በመነሣት የሚቀርቡ የመመረቂያ ጥናቶች እንደሚበዙ መገመት አያስቸግርም፤ ስለዚህ ዘዴው ከወዲሁ ቢታሰብበት ይጠቅማል።

ሁለት ሲም መያዙ ራሱ ለተመራማሪ ውድ ዕድል ነው። አንድ ዓይነት ሁለት ስልኮች፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲለኩ ከላይ የተነሡት የስልክና የሠፈር ልዩነቶች ይወገዳሉ። ስልኮቹን በየዕለቱ ማለዋወጥ ደግሞ የአንዱ ስልክ ጉድለት ለአንዱ ኔትወርክ እንዳይቆጠር ይረዳል። መጠይቅ በትኖ «በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል» ብሎ ከመጠየቅ ይህ የሚቀል አይደለም፤ ጥያቄውን ግን በትክክል ይመልሳል። የሚለካውም የማውረድ ፍጥነት ብቻ መሆን የለበትም። የተማሪ ችግር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፋይል ሲጭን፣ ወይም የኦንላይን ቃለ መጠይቅ ላይ ድምፁ ሲቆራረጥ ነው፤ ስለዚህ የመጫን ፍጥነት፣ መዘግየትና የመዘግየቱ መዋዠቅ አብረው መመዝገብ አለባቸው።

የሰዓት ምርጫው ደግሞ ወሳኝ ነው። ገበያው ራሱ ይህን ያውቃል፤ የሌሊት ጥቅል በርካሽ የሚሸጠው አንቴናው በዚያ ሰዓት ሥራ ስለሚፈታ ነው። ዋጋው በሰዓት የሚለያይ አገልግሎት ጥራቱ ያለ ሰዓት ቢዘገብ ተገቢ አይሆንም። በግቢ አካባቢ የሚደረግ ልኬት ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለብቻው ነጥሎ ማሳየት ይኖርበታል፤ ያኔ ነው የዶርም ተማሪ ሁሉ በአንድ አንቴና ላይ የሚሰለፈው።

የሮሚንግ ጥናት ሲሆን ተመራማሪው ራሱ መጓዝ ላያስፈልገው ይችላል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በመሆኗ የውጭ አገር ሲም የያዘ እንግዳ አይጠፋባትም፤ በፈቃደኝነት የሚሳተፉ እንግዶች ስልክ ላይ ዳታው በየት አገር በኩል እንደሚወጣ ማየት፣ የመዘግየቱን መጠን መመዝገብ የሚቻል ነው። ንጽጽሩም በቅርብ ይገኛል። በምሥራቅ አፍሪካ ኬንያ፣ ሩዋንዳና ኡጋንዳ ከ2014 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ «አንድ የኔትወርክ ቀጣና» በሚል ስምምነት የእርስ በርስ ጥሪ ሮሚንግ ዋጋን ዝቅ አድርገዋል። ስምምነቱ በጥሪ ጀምሮ የነበረ መሆኑ ራሱ የሚያጠያይቅ ነው፤ ዛሬ ከሞያሌ ተሻግሮ የሚነግድ ሰው ከጥሪ ይልቅ ዳታና የባንክ መልእክት ሳይሻ አይቀርም።

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአሜሪካውን መለያ ወይም የአውሮፓውን ቀመር እንዳለ መቅዳት አይጠበቅበትም። «ያልተገደበ» የሚለው ቃል በአገር ውስጥ ጥቅሎች ላይም እየተለመደ ባለበት ጊዜ ግን ሦስት መስመሮችን ማስገደድ ቢጀምር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፦ ጥቅሉ የፍጥነት ጣሪያ ካለው ቁጥሩ፣ መጨናነቅ ሲኖር የጥቅሉ ገዢ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም በኋላ የሚስተናገድ መሆኑ፣ ሲሙ ከአገር ውጭ አጭር መልእክት የሚቀበልባቸው አገሮች ዝርዝር። ሦስቱም በአንድ አጭር መልእክት ተጽፈው ጥቅሉ ሲገዛ ለደንበኛው ሊላኩ የሚችሉ ናቸው፤ ድርጅቶቹ የቀረ ሒሳብን ለማሳወቅ በየቀኑ የሚልኩት መልእክት ከዚህ አያጥርም።